ዕጣ ለባሰባት

«እርስዎን በጥናቱ እንዲሳተፉ ያስገደደዎት ሰው አለ?»

እትዬ ዳኛ የሻዩን ማንቆርቆሪያ እንዳንጠለጠሉ ባሉበት ቀጥ አሉ። ገና ማለዳ ነው፤ የውጭው በር አልተከፈተም፤ ቤት ውስጥ ያሉት እሳቸውና የወንድማቸው ልጅ ብቻ ናቸው። ይህች ልጅ ደግሞ ጡጦ ካስጣሏት ጊዜ አንስቶ «አንቺ» እንጂ «እርስዎ» ብላቸው አታውቅም። ሳላየው እንግዳ ገብቶ ይሆናል ብለው ሻሻቸውን በአንድ እጃቸው አስተካከሉ።

«ማን መጥቶ ነው?»

«ማንም።»

«ታዲያ ማንን ነው አንቱ የምትይው?»

«ማንንም አይደለም እትዬ፤ እያጠናሁ ነው!»

«እኔን ከሆነ ማንም አላስገደደኝም። በገዛ ቤቴ ማን አባቱ ነው የሚያስገድደኝ?»

«አንቺን አይደለም አልኩሽ እኮ!»

«ከእኔ ሌላ ሰው ከሌለ እኔን ነው እንጂ፣ ግድግዳውን ነው?»

ግድግዳውማ መልስ አያጣም ነበር፤ ከግድግዳው ማዶ ያለሁት እኔ ነኝና። የእነሱን ቤትና የእኔን የሚለየው ነገር ለወጉ ግድግዳ ይባል እንጂ፣ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው «ይማርህ» የሚልበት ስስ ነገር ነው። ልጅቷ የጤና ኮሌጅ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት። ያን ቀን ጠዋት «የጥናት ሥነ ምግባር» የሚሉት ትምህርት ፈተና ነበረባት። ሳምንቱን ሙሉ ጥያቄውንም መልሱንም ጮክ ብላ ስታነበንብ ስለሰነበተች፣ ከስምንተኛ ክፍል ያላለፍኩት እኔ እንኳ ከነቆቡ ልመረቅ ምንም አልቀረኝም ነበር። ተሳታፊ ማለት ማነው? በፈቃዱ የገባ። መውጣት ይችላል? በፈለገው ሰዓት፣ ምክንያቱን ሳይናገር። ባዶ ኪኒን ለምን ይሰጣል? እውነተኛው ከባዶው መሻሉ እንዲታወቅ። ማን የትኛውን እንደሚውጥ ማን ያውቃል? የሚውጠውም አያውቅም፣ የምትሰጠውም አታውቅም፤ መልሱ ቢሮ ውስጥ ተቆልፎበታል። እኔ ይቺን የመጨረሻዋን ስሰማ «ከባልና ሚስት ጉዳይ በምን ተለየ» ብዬ ለብቻዬ ስቄያለሁ። ያኔ መሳቅ ቀላል ነበር።

ነገሩ በደብተር ብቻ ቢቀር ደግ ነበር። ኮሌጁ ለደም ግፊት አዲስ ኪኒን እየሞከረ ነበርና ተማሪዎቹ ግፊት ያለባቸውን ሰዎች ከየሰፈሩ እንዲያመጡ ታዘዙ። የሌላው ልጅ ሰው ፍለጋ በማያውቀው ሰፈር ሲንከራተት የእኛዋ ብልጥ ወደ ገዛ ግቢዋ መጣች። ነጭ ጋውኗን ለብሳ በየበሩ ስትቆም ማን እምቢ ይላታል? አፍንጫዋን የጠረግንላት፣ ትምህርት ቤት ስትዘገይ ከኋላዋ የሮጥንላት ልጅ ናት። ረጅሙን ወረቀት ከላይ እስከ ታች አነበበችልን፤ ሰዉም ቃላቱን ስትጠራቸው እንዴት እንደሚያምርባት ያይ ነበር እንጂ ምን እንደምትል አይሰማም። እኔ ግፊት ስለሌለብኝ ከክብሩ ቀረሁ። ጥያቄ የጠየቀው የግቢያችን የልብስ ሰፊዋ ባል ብቻ ነው፤ ታክሲ ስለሚነዳ ሾፌሩ የምንለው። «ባዶው የደረሰው ሰውስ?» አላት። «እንከታተለዋለን ጋሼ» አለችው። እሱም ዘመኑ የሚከታተል ሰው የሚገኝበት አይደለምና ይህም አንድ ነገር ነው ብሎ ይመስለኛል፣ ለሚስቱ እስክሪብቶውን አቀበላት። ለሁሉም አንድ ዓይነት ነጭ ብልቃጥ ታደለ፤ ውስጡ አንድ ዓይነት ነጭ ኪኒን፤ የሚለየው ጎኑ ላይ የተለጠፈው ቁጥር ብቻ ነው።

እትዬ ዳኛ እንዲህ የተባሉት የግቢው ጠብ ሁሉ የሚያልቀው እሳቸው ደጃፍ ላይ ስለሆነ ነው። የማን ልብስ የማንን ገመድ እንደያዘ፣ የቧንቧውን ሒሳብ ማን እንዳበዛው፣ የማን ራዲዮ ማንን እንዳላስተኛ፤ እሳቸው አንዴ ከፈረዱ ይግባኝ የለም። የሴቶቹንም ዕቁብ የሚሰበስቡት እሳቸው ናቸው። በዚያ ዕቁብ ደግሞ ያልተጻፈ ሕግ አለ፤ ዕጣ የወጣላት ሴት ከእሷ የባሰባት ካለች ትለቅላታለች፤ የለቀቀችው ደግሞ አታወራም፣ ማውራት ውለታ መቁጠር ነውና። እንግዲህ ኪኒኑን ከጀመሩ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ የእትዬ ዳኛ ግፊት ወረደ፣ ራሳቸውም ቀለላቸው። ልብስ ሰፊዋ ግን ግንባሯን በጨርቅ ጠፍራ ነበር የምትሰፋው። የድሮውን መድኃኒቷን አንድ ወር ገዝታ አንድ ወር የምትዘል ሴት ናት፤ ዋጋው በጨመረ ቁጥር የምትዘለው ወር ይበዛል። ለእትዬ ዳኛ ፍርዱ ከባድ አልነበረም። እውነተኛው የደረሰው ለእኔ ነው፤ ባዶው ለእሷ ነው፤ የባሰባት እሷ ናት። ልብስ ሰፊዋን ከነብልቃጧ ጠርተው፣ አልጋ ላይ ቁጭ ብለው የሁለቱን ብልቃጥ ኪኒን አቀያየሩት። ቁጥሩ እንዳለ ሆኖ ሆዱ ተቀየረ። አዲስ ብልቃጥ በመጣ ቁጥርም እንዲሁ ያደርጉ ጀመር። ከዚያ ወዲህ ልብስ ሰፊዋን የራስ ምታቱ ለቀቃት። የእትዬ ዳኛም ግፊት ባዶውን እየዋጡ አልተመለሰም፤ ጨው ስለተዉ ይሁን ሰው ረዳሁ በሚል ደስታ፣ ይህን ቢሮውም አያውቀው።

ታዲያ ያን ጠዋት የ«እርስዎ»ው ነገር በሳቅ አልፎ ሻይ ሲጠጡ፣ ልጅቷ ዳቦዋን እየጎረሰች አንድ ወሬ ጣል አደረገች።

«ኧረ ልነግርሽ ረስቼ። የልብስ ሰፊያችንን ሳል ለመምህሩ ነግሬው ነበር። ቢሮ ሄዶ የእሷን ቁጥር አስከፍቶ አየልኝ።»

«እሺ?»

«‹ከኪኒኑ አይደለም፣ ትቀጥል› አለኝ። የጨርቁ ብናኝ ነው። ትናንት ማታ ለእሷም ነግሬያታለሁ። እኔ እኮ እንዴት ፈርቼ ነበር መሰለሽ! ይሄ ኪኒን አንዳንድ ሰው ላይ መጀመሪያ ደረቅ ሳል ያመጣል። ሳሉ ብቻውን አይገድልም፤ ከንፈርና ምላስ ማበጥ ከጀመረ ግን ጉሮሮ ይዘጋል ብለውናል።»

«ይዘጋል ስትይ?»

«አየር ያሳጣላ። እሷን ግን አይመለከታትም፤ አትጨነቂ።»

ልጅቷ ጋውኗን ክንዷ ላይ ጣል አድርጋ፣ አክስቷን ጉንጫቸውን ስማ ወጣች። እኔም «ይቅናሽ!» አልኳት በግድግዳው። እትዬ ዳኛ ግን ምን ጊዜም በር ድረስ የሚሸኟት ሴት ያን ቀን አልተነሱም። ከስኒው ላይ ያለው እንፋሎት እስኪጠፋ ተቀምጠው እንደነበር በኋላ ነግረውኛል። የሰማሁት ነገር የወንበራቸውን ድምፅ ነው፤ ወደ ኋላ ተገፋ፣ ከዚያ ደግሞ ተመለሰ፣ ከዚያ እንደገና ተገፋ።

ልብስ ሰፊዋ ቤት የሄዱት እጥፋቱ ምንም ያልሆነ ቀሚስ ይዘው ነው፤ እጥፋቱን ላሳጥረው በሚል ሰበብ። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ አልጋውን መጋረጃ ይጋርደዋል፤ የቀረውን ቦታ የስፌት መኪናውና የጨርቅ ክምር ይዘውታል። ትምህርት ቤት ሊከፈት ስለሆነ ከወለል እስከ መስኮት የተማሪ ዩኒፎርም ነው፤ ሰማያዊ ክር እንጀራዋ ሆኖ ፀጉሯ ላይ ሳይቀር ይዘራል። ልብስ ሰፊዋን ከንፈሯ መካከል ስፒል ሳትይዝ አይቻት አላውቅም። ሁሉንም ስፒሎቿን በአፏ ደርድራ ነው ስትሰፋ የምትውለው፤ ሲያናግሯት በአፍንጫዋ «እም» እና «እምእም» ትላለች፤ በዚህም የተነሳ ከግቢያችን ሰው የማታማ ብቸኛ ሴት ናት እያልን እንቀልድባት ነበር። ያን ቀን ስፒሎቹ እጅጌዋ ላይ ተሰክተዋል። እትዬ ዳኛ መጀመሪያ ያዩት ይህን ነው፤ ከንፈሯን ያዩት ቀጥሎ ነው። የላይኛው ከንፈሯ ንብ የነደፈው መስሏል።

«ይሄ ምንድነው ልጄ?»

«ትንኝ ነው መሰለኝ እትዬ። ማታ መስኮቱ ክፍት አድሮ።» ሳሏ አቋረጣት። ከደረት የሚመጣ አይደለም፤ ደረቅ፣ አጭር፣ በር እንደሚቧጭር ድመት ያለ ሳል ነው። «ይቺም አለች እንግዲህ፤ የጨርቅ ብናኝ ናት አሉኝ።»

«ኪኒኑን ተይው።»

ልብስ ሰፊዋ የመኪናውን ፔዳል አቆመች። «የቱን?»

«እኔ የሰጠሁሽን። ከዛሬ ጀምሮ እንዳትውጪው። ብልቃጡን አምጪው፤ ልውሰደው።»

በዚህ ጊዜ የሴትየዋ ፊት የተቀየረው በከንፈሯ ብቻ አልነበረም። «ራስዎን አመመዎት እንዴ?» አለች ቀስ ብላ።

«እኔስ ደህና ነኝ።»

«ታዲያ ሰጥተው ነው የሚነሱኝ? ያስቀየምኩዎት ነገር ካለ ይንገሩኝ። የዚያን ቀን ገመዱን ቀድሜ ይዤ ከሆነ…»

«የምን ገመድ! አንቺ ልጅ፣ ሳሉን ያመጣው ኪኒኑ ነው።»

«ልጅቷ እኮ አይደለም አለችኝ። ቢሮ ታየ ብላ ማታ መጥታ ነገረችኝ።»

«ቢሮው ያየው የአንቺን ቁጥር ነው። አንቺ የምትውጪው የእኔን ነው።»

 ልብስ ሰፊዋ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ነካ ነካ አደረገችው፤ የሌላ ሰው ከንፈር ይመስል። ከዚያ መናገር ስትጀምር ስለ ከንፈሯ አልነበረም። ራሷን ካመማት ስንት ጊዜዋ፤ የመርፌ ቀዳዳ ያየችው በዚህ ኪኒን ነው፤ ይህ ሁሉ ዩኒፎርም ትምህርት ቤት ሳይከፈት ካልደረሰ የሚቀጥለው ዓመት ሥራ ለሌላ ይሰጣል። ደግሞስ አሁን ይህ ነገር ቢወራ ልጅቷን ምን ሊያደርጓት ነው? ዛሬ ፈተና ላይ ናት። «ፈተናዋን ትጨርስ እትዬ። ማታ ሦስታችን ቁጭ ብለን እንነግራታለን። የዛሬውን እንደሆነ ጠዋት ውጬዋለሁ፤ አሁን ብተወው ምን ይጠቅማል?»  የእትዬ ዳኛን ሕግ ነው መልሳ የምትነግራቸው፤ ለባሰባት መልቀቅ። ዛሬ የባሰባት ልጅቷ ናት።

እሳቸው ግን ማታን መጠበቅ አልሆነላቸውም። ቀሚሱን እዚያው ትተው ወደ ኮሌጁ ሄዱ። ዘበኛው «ፈተና ላይ ናቸው እናት፣ እዚህ ጥላው ሥር ይቀመጡ» አላቸው። ተቀመጡ። ከበሩ ፊት ለፊት ዳቦ የምትሸጥ ሴት ነበረች፤ ዋጋው እንዳለ ዳቦው አንሷል ብለው ሊጨቃጨቁ ፈልገው ተዉት፤ ዳቦውን ገዝተው ሳይበሉ ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ነጭ ጋውን የለበሱ ልጆች መውጣት ሲጀምሩ የእሳቸዋን በሳቋ ለዩዋት። አጠገቧ ጫማው የሚያብለጨልጭ ለጋ ሰውዬ አለ፤ መምህሩ ነው።

«እናቷ ነዎት?»

«አክስቷ ነኝ።»

«ያ ጎበዝ ግቢ ያለዎት እርስዎ ነዎታ! ይግቡ፣ ይግቡ፤ ውሃ ሳይጠጡማ አይሄዱም።»

ቢሮው ጠባብ ነው፤ የወረቀትና የአዲስ ቀለም ሽታ አለው። ጥግ ላይ ግራጫ የብረት ቁም ሣጥን ቆሟል። መምህሩ ደስ ያለው ሰው ነው፤ ቆሞ ነበር የሚናገረው። በሌላው ሰፈር ሁሉ ሰው አቋርጧል፤ አንዱ ማቅለሽለሽ፣ ሌላው ባሌ አይፈልግም፣ ሌላዋ ዝም ብላ። ከእሳቸው ግቢ ግን አንድ ሰው አልወጣም። አንድ እንኳ! ይህን የሚያህል ታማኝነት ለሌሎች ምሳሌ ስለሆነ ልጅቷ በትልቁ ስብሰባ ላይ እንድታቀርበው ተወስኗል። ከዚያም ቁም ሣጥኑን በመዳፉ መታ መታ አደረገና «ከዚህ ውጭ እውነቱን የሚያውቅ የለም» አላቸው እየሳቀ። እትዬ ዳኛ ቁም ሣጥኑን አዩት። ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይዘውት ነበር። ልጅቷ ከመምህሩ ጀርባ ቆማ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ እንዳደነቀ ሰው ሳይሆን እንደተደነቀ ሕፃን ታያቸው ነበር። እዚያ ላይ ቢናገሩት አንገቷን መስበር ሆነባቸው። እኔ ልንገራትና እሷ ራሷ ትንገረው አሉ በልባቸው። ውሃውን ጨርሰው አመሰገኑ።

አውቶቡሱ ሞልቶ ነበርና ቆመው ነው የሄዱት፤ አንድ ብረት ለሁለት ይዘው። ልጅቷ የስብሰባውን ነገር፣ የምትለብሰውን፣ ማን እንደሚመጣ ታወራለች። እትዬ ዳኛ እስኪበቃት ጠበቋት።

«አንድ ጥያቄ አለኝ» አሉ። «ዕጣ የደረሰው ሰው ለባሰበት ሰው ቢለቅለትስ?»

«የምን ዕጣ?»

«የኪኒኑ።»

ልጅቷ ሳቀች። «እትዬ ደግሞ! ዕቁብ አደረግሽው እኮ። እንዲያ ከተደረገ ሁሉም ነገር ይበላሻል። ቢሮው አንዱን ሲያይ ሌላው…» ከዚያ ሳቋ ከፊቷ ሳይጠፋ ድምፁ ጠፋ። አውቶቡሱ ቆሞ ሰው ወረደ፤ ሰው ተሳፈረ፤ እንደገና ሄደ። ልጅቷ አክስቷን ከታች ወደ ላይ፣ ልክ ግፊት ለክታ የማታምነው ቁጥር ሲመጣባት እንደምታየው አየቻቸው።

«ለማን ነገርሽ?»

እትዬ ዳኛ ይህን ሲነግሩኝ እዚህ ላይ ሲደርሱ ሁልጊዜ ያቆማሉ። የጠበቁት «ከማን ጋር?» የሚል ነበር። ወይም «ከንፈሯ እንዴት ነው?»።

«ለማንም» አሏት። «ከንፈሯ ግን አብጧል።»

ልጅቷ ብረቱን ለቀቀች። በሚቀጥለው ፌርማታ ጎትታ አወረደቻቸውና አንድ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ላይ ቆማ ለመምህሩ ስልክ ደወለች። እትዬ ዳኛ የሚሰሙት የእሷን ብቻ ነው። «ተለዋውጠዋል… አዎ፣ አክስቴ… አዎ፣ ከንፈሯ… እርግጠኛ ነኝ።» ከዚያ ለረጅም ጊዜ አዳመጠች። «አልጽፈውም… እሺ… ለማንም… እሺ።» ስልኩን ኪሷ ከተተች።

«ምን አለ?»

«ነገ ጠዋት ቢሮ እንገናኝ አለ።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«እሺ አልኩት።»

የቀረውን መንገድ በእግር ሄዱ። ጎን ለጎን ነው የሄዱት።  እግራቸው ፈጥኖ ነበር፤ ልጅቷ ነበረች የምትፈጥነው። ይህን እትዬ ዳኛ ሳይጠየቁ ነው የሚናገሩት፤ «እሺ ትበል እንጂ፣ ትሮጥ ነበር።»

እኔ በዓይኔ ያየሁት ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። ጀምበር ልትጠልቅ ስትል የሾፌሩ ጩኸት ከቤቴ አስወጣኝ። ታክሲው አራቱም በሮቹ ተከፍተው ግቢ ውስጥ ቆሟል። ልብስ ሰፊዋ ከኋላ ወንበር ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች፤ እንድትጋደም ሲሏት እጇን ታወዛውዛለች። ፊቷ የእሷ ፊት አልነበረም። «ደህና ነኝ» ያለች ይመስለኛል፤ ድምፁ ግን ከውሃ ሥር ይመጣ ነበር። እጅጌዋ ላይ ስፒሎቹ እንደተሰኩ ናቸው። እትዬ ዳኛና ልጅቷ በር ላይ ሲደርሱ ማንም ምንም አልጠየቀም፤ እንደተጠራሩ ሁሉ ገቡ። እኔም ከፊት ወንበር ተጨናንቄ ገባሁ። ሾፌሩ ሕይወቱን ሙሉ ጡሩምባ የሚጠላ ሰው ነው፤ ያን ቀን እጁን ከጡሩምባው ላይ አላነሳም።

ጤና ጣቢያው ውስጥ በዕድሜ ጠና ያለች ነርስ ተቀበለችን። ልብስ ሰፊዋን ከመጋረጃ ጀርባ አስገቧት። ነርሷ የልጅቷን ጋውን አይታ የሥራ ባልደረባ መስላት መሆን አለበት፣ ጥያቄዋን ወደ ልጅቷ አደረገች። «ምን መድኃኒት ነው የምትወስደው?» ልጅቷ አፏን ከፈተች። ሾፌሩ ቀድሟት ብልቃጡን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠ። ነርሷ ጎኑ ላይ ያለውን የጥናቱን ስልክ እያየች ወደ ጠረጴዛው ሄደች፤ ቁጥሩን በስልክ ስታነብ እንሰማለን። ቶሎ ተመለሰች።

«ከዚህ አይደለም አሉ። የእሷ ቁጥር ባዶው ነው። ዛሬ ምን በልታለች? የማይስማማት ምግብ አለ?»

ሾፌሩ ማሰብ ጀመረ። ዳቦ፣ ምስር፣ ሻይ። እያንዳንዱን በጣቱ ይቆጥራል፤ ከመጋረጃው ኋላ ሳሉ ይሰማል፤ በየሳሉ መካከል ያለው ጊዜ ይረዝማል። እትዬ ዳኛ ወደ ፊት አንድ እርምጃ ሄዱ። ልጅቷ ክንዳቸውን ያዘች። እኔ ልታስቆማቸው መስሎኝ ነበር።

«ስልኩን ያነሳው ማነው?» አለች ነርሷን።

«መምህሩ ነኝ ብሎኛል።»

«ሌላ ምንም አላለም?»

«ምንም። ቁጥሩን አየና ባዶው ነው አለኝ።»

ልጅቷ የአክስቷን ክንድ እንደያዘች «የምትውጠው የእሷን አይደለም» አለች። ጠዋት በግድግዳ በኩል ስታነበንብ እንደነበረው ጮክ ብላ ነው የተናገረችው። «የአክስቴን ነው። ተለዋውጠዋል። እውነተኛው ኪኒን ነው፣ ሳሉ ከሳምንታት በፊት ጀምሯል፣ ከንፈሯ ጠዋት ነው ያበጠው። ጥናቱ ላይ ያስገባኋት እኔ ነኝ፤ ስሜን ይጻፉት።» ነርሷ ስሟን አልጻፈችም። ዞር ብላ ስትሮጥ ነጠላ ጫማዋ ከአንዱ እግሯ ወልቆ ወለሉ ላይ ቀረ።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ነው። አግዳሚው አጭር ስለነበር ተጠጋግተን ተቀመጥን፤ ሾፌሩ ዳር ላይ፣ ቀጥሎ እኔ፣ እትዬ ዳኛ፣ ልጅቷ መጨረሻ ላይ። የልጅቷ ስልክ ኪሷ ውስጥ ጠራ፤ አላነሳችውም፤ እንደገና ጠራ፤ አጠፋችው። ጋውኗን አውልቃ፣ ውስጡን ወደ ውጭ አድርጋ አጣጠፈችና ጭኗ ላይ አኖረችው። እትዬ ዳኛ ቦርሳቸው ውስጥ እጃቸውን ሰድደው ያን ዳቦ አወጡ፤ አዩት፤ መልሰው ከተቱት። የግቢያችን ዳኛ እንደዚያ ቀን ፊታቸው ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው ሆኖ አይቼው አላውቅም። ከመጋረጃው ኋላ የብረት ነገር ወደቀ፤ አንድ ሰው «ያዥ፣ ያዥ» አለ። ከዚያ ሳሉ ቆመ። አራታችንም ሰምተናል፤ ማናችንም «ቆመ» አላልንም። ለመልካም ይሁን ለክፉ የሚነግረን ሰው አልወጣም።

ዝምታውን ያልቻለችው ልጅቷ ናት። ወደ ሾፌሩ ጎንበስ ብላ፣ በእትዬ ዳኛና በእኔ ጉልበት ላይ አሻግራ ተናገረችው። 

«ጋሼ… ያን ቀን ጠይቄያችሁ ነበር እኮ። ያስገደዳችሁ ሰው አለ ወይ ብዬ።»

ሾፌሩ የመኪናውን ቁልፍ በጣቶቹ መካከል ያገላብጥ ነበር። ዓይኑን ከመጋረጃው ላይ አላነሳም።

«ማን ያስገድደናል» አላት። «የመጣሽው አንቺ ነሽ።»